ማጉን ማን ፈተለው?



የሁለቱ የጎጃም ከተሞች፣ የብቸናና የሞጣ ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ጠመንጃ ነው። ብቸና ሲባል አርበኛው በላይ ዘለቀ ይጠራል። ሞጣ ሲባል በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ የተቀጣጠለው የጎጃም ገበሬ አመጽ ይነሣል፤ በዚያ ብቸናም ነበረችበት። ከጠመንጃ ቀጥሎ ደግሞ ቅኔ ይመጣል፤ ዲማ ጊዮርጊስ እዚሁ ብቸና አጠገብ ነውና። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለቱም አይደለም። አርበኛውም ዱር ሲያድር የተከናነበውን፣ መሪጌታውም ውርጭ ሲሆን ተጠቅልሎ ያስተማረበትን ልብስ ማን ሠራው ብዬ ልጠይቅ ነው የቆምሁት።

ያላችሁበትን አገር እስቲ በልብስ ዓይን እዩት። ሞጣም ብቸናም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያሉ ናቸው፤ ብርዱን ለእናንተ አልነግራችሁም። በአንድ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው የጮቄ ተራራ አለ፤ የበግ አገር ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ የጥጥ አገር ነው። ከላይ ጠጉር ይወርዳል፣ ከታች ጥጥ ይወጣል፣ መካከል ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ ገበያ አለ። ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለው የፋሲል ዘመን ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ ኖሯል፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር አንዱ ቅስት ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያም በኋላ ሰዉ በገመድ እየተሳበ ሲሻገር ኖረ እንጂ ገበያውን አልተወም። በደቡብ በኩል ደግሞ የባሶ ገበያ በ19ኛው ምእተ ዓመት ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ከደገኛው ዕቃ ጋር ያገናኝ ነበር። የሸማና የጠጉር ሥራ እዚህ አገር ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጠጉሩ ልጀምር፤ እየተረሳ ያለው እሱ ነውና።

ባናን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ ብል በዚህ አዳራሽ ጠጉራቸው የሸበተው ብቻ የሚያወጡ ይመስለኛል። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። በጉ ይሸለታል፤ ጠጉሩ ይታጠባል፣ ይለቀማል፣ እንደ ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ቀለም አይነከርም። ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ቡናማው ከቡናማ በግ ነው፤ አንዳንዱ ሸማኔ ሁለቱን እያፈራረቀ መስመር ያወጣበታል። ባናን ባና የሚያደርገው ግን ከሽመናው በኋላ ያለው ሥራ ነው። ከመሸመኛው የወረደው ልብስ ሳሳ ያለ ነው፤ በሙቅ ውኃ እየተነከረ በእግር ይረገጣል፣ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ጠጉሩ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይጨማደዳል፣ ስፋቱ ይቀንሳል፣ ውፍረቱ ይጨምራል። በደንብ የተረገጠ ባና ዝናብ ሲያርፍበት ውኃው ቶሎ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቆያል፣ ባለቤቱ ያራግፈዋል። ማማ ላይ አዝመራ ሲጠብቅ ያደረ ገበሬ ይህን ልብስ በምንም አይለውጠውም ነበር። መንዞች ከዚሁ ጠጉር በርኖስ ሠርተው በመላ አገሪቱ ስም አወጡበት፤ በደብረ ብርሃንም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተተከለ። የእኛ የጎጃም ባና ግን ከቤት አልወጣም። ስም የሚያወጣለት አልተገኘም፤ ዛሬ በየሱቁ የተቆለለው የውጭ ብርድ ልብስ ቦታውን ወሰደው።

ጥጡ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ጋቢና ነጠላ የሌለው ቤት የለምና። ግን እዚህም ላይ አንድ ነገር አለ፤ የንግግሬ ዋና ጉዳይ እሱ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድበት።

ጋቢ ሲደነቅ የሚደነቀው ሸማኔው ነው። የሚገባውን ክብር አልነፍገውም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ፣ ከታች የተንጠለጠለውን ገመድ በእግር ጣቶቹ መካከል ቆንጥጦ ይረግጣል። ቀኙ ሲረገጥ ግማሹ ድር ይነሣል፤ ግራው ሲረገጥ ሌላው ግማሽ ይነሣል። በመካከል በተከፈተው በር መወርወሪያውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ ይልከዋል፣ ማጉ ቀሰሙ ላይ እየተፈታ ያልፋል፣ መትቶ ያጠብቀዋል፣ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ። የሸማው ወርድ የሚወሰነው በሸማኔው ክንድ ነው፤ እጁ ከሚደርስበት በላይ መወርወር አይችልምና። ስለዚህ ጋቢ ረጅም ሆኖ ይሸመንና እየታጠፈ፣ ጠርዝ ለጠርዝ እየተሰፋ አራት ድርብ ይሆናል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ወሬ ያቆማል። በድሮው ጊዜ ባለቀለሙን ክር ለማግኘት ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ እየተተረተረ ማግ ይሆን ነበር። ያንን የተተረተረ ክር በጥንቃቄ ገምዶ የመኳንንቱን ጃኖ ያወጣ እጅ ተራ እጅ አይደለም።

ነገር ግን ሸማኔው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ምን እንደሆነ እንይ። ጥጡ ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል፤ ሴትየዋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ በብረቱ መዳመጫ ወደፊት እየገፋች ፍሬውን ታስተፋዋለች። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ እንደ ጉም ይነፋል። ከዚያ እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ እንዝርት ይመጣል። በግራ እጇ አመልማሎውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በቀኝ መዳፏ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ እንዝርቱ አየር ላይ ሲሾር ጥጡ በጣቶቿ መካከል እየቀጠነ ይወርዳል። ከረር ካለች ይበጠሳል፤ ላላ ካለች ይፈታል። ክሩ ክንድ ሲያክል ታቆምና እንዝርቱ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። እንዝርቱ ሲሞላ ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔ በጥቂት ቀን ለሚጨርሰው አንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ለመፍተል አንዲት እናት ሳምንታት ይፈጅባታል፤ እሱም ወጥ ሠርታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ልጅ አስተኝታ በተረፋት ጊዜ ነው። እኔ ሳድግ እናቴ ባዶ እጇን ተቀምጣ ስታወራ አይቻት አላውቅም፤ ቡናው እስኪፈላ እንኳ እንዝርቱ ይሾር ነበር።

ታዲያ ይህ ሥራ በቤቱ ሒሳብ ውስጥ በምን ስም ተመዘገበ? በምንም። ደንበኛው ልቃቂቱን በመሶብ ይዞ ወደ ሸማኔ ይሄዳል፣ ስለ ሽመናው ዋጋ ይከራከራል፣ ይቆርጣል፣ ይከፍላል። ስለ ፈትሉ ማንም ከማንም ጋር አይከራከርም፤ የእናት ነዋ! እናቶች ልቃቂታቸውን ቆጥረው መስጠታቸው፣ «ሸማኔ ማግ ያስቀራል» ብለው መጠርጠራቸው ሲያስቀን ኖሯል። የሚያስቅ ነገር የለውም። ያቺ ሴት የምትቆጥረው ሳምንቷን ነው።

ስለ ሸማኔውም ቢሆን የምናወራው ቅርስ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። «ሙያው ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሸማኔ ነው» ስንል እንኮራለን። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ቀሰም ያጠነጥናል፤ ሲጎረምስ ድር ማድራት ይማራል፤ ከዚያ ተራውን ሸማ፣ ከሁሉ በኋላ ጥለቱን። ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ግን ለምን ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ተላለፈ? ጎረቤት ለምን አልተማረውም? መልሱ ርስት ላይ ነው። በሰሜኑ አገራችን ሽመናን በብዛት የያዙት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ እዚህ ሞጣም የሸማው ሥራና ንግዱ ከሙስሊሙ ወገናችን ጋር አብሮ የኖረ ነው። ርስት ያልተፈቀደለት ሰው እጁን ርስት አደረገ። ባለ ርስቱ ደግሞ የሸመነለትን ልብስ ለብሶ ሸማኔውን ናቀው፤ ስም አወጣለት፣ ልጁን አልድርለትም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው፤ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸማኔው መሬት የማግኘት መብት አገኘ። ብዙዎቹ ሞፈር ጨብጠዋል፤ እኔ አልፈርድባቸውም። በር ተዘግቶበት የቆየ ሰው በሩ ሲከፈት ይወጣል።

እንግዲህ የምንመካበት ቅርስ በሁለት ያልተከበሩ ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ ነው፤ ሲሰደብ በኖረ ወንድና ሥራዋ እንደ ሥራ ባልተቆጠረላት ሴት። ስለ ወንዱ ስድብ ዛሬ ቢያንስ ይወራል፣ ይጻፋል። ስለ ሴቲቱ ግን አሁንም ዝም ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይል ተናጋሪ የለም፤ ድሩን ማን ፈተለው ያለ አንድም ተናጋሪ ሰምቼ አላውቅም።

ፋብሪካው ሲመጣ ይህ ሒሳብ ተገለጠ። መጀመሪያ በ19ኛው ምእተ ዓመት የአሜሪካ አቡጀዲድ በምጽዋ በኩል ገባ፤ ርካሽ ነበር፣ ለቁምጣና ለሸሚዝ ተመረጠ፤ ጋቢንና ነጠላን ግን አልደፈረም። ከዚያ በ1953 ዓ.ም. በጣልያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የፋብሪካ ክር በየገበያው ሲገኝ ሸማኔው ድሩን ከዚያ መግዛት መረጠ፤ ምክንያቱም ድር ይወጠራል፣ ይፋተጋል፣ ወጥና ጠንካራ ክር ይፈልጋል፤ የእጅ ፈትል ድር ሲሆን በየመሀሉ ይበጠስበታል። ማጉ ግን ከእናቶች እጅ አልወጣም። ለማግ የሚፈለገው ለስላሳና እብጥ ያለ ክር ነው፤ ያን ደግሞ መኪናው አልቻለበትም። እናም አባቶቻችሁ ባለፉት ስድሳ ዓመታት የለበሱት ጋቢ ግማሹ የፋብሪካ፣ ግማሹ የእናት ነው። ይህ ጥሩ ስምምነት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለሴቲቱ ግማሹን ሸክም አቅልሎላታል፣ ለልብሱም ሙቀቱን ትቶለታል። አሁን የፈረሰው ይህ ስምምነት ነው። ገበያ ውስጥ ድሩም ማጉም የፋብሪካ የሆነ ጋቢ ሞልቷል፤ ይባስ ብሎም ጥለቱ በመኪና የታተመበት፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጨርቅ «የሀበሻ ልብስ» እየተባለ ይሸጣል።

ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ጋቢውን ከፀሐይ ፊት ለፊት ዘርጉት። ማጉ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ካለ የእጅ ነው፤ እንደ ደብተር መስመር አንድ ወጥ ከሆነ የመኪና ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ በሁለት ጣት ብትጎትቱት የእጁ ፈትል እየላላ ወደ ጥጥነቱ ይመለሳል፤ የፋብሪካው ጠጥሮ ይቆያል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይበጠሳል። ከሁሉም በላይ ግን እጠቡት። በእጅ የተፈተለ ማግ ያለው ጋቢ ታጥቦ ሲደርቅ ያብጣል፤ በክሮቹ መካከል የነበረው ቀዳዳ ይዘጋል፣ በዓመቱ ከአዲስነቱ ይልቅ የሚሞቅ ይሆናል። የፋብሪካው በየእጥበቱ እየሳሳ ይሄዳል። የዋጋ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፣ ገዢውም ርካሹን ያነሣል። አልወቅሰውም፤ ማን ነገረው?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። በስኮትላንድ ምዕራብ በኩል፣ እንደ ጮቄ ብርዳማና በግ የሚበዛባቸው ደሴቶች አሉ፤ ሃሪስ ትዊድ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ የሚሠራው እዚያ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የብሪታኒያ ፓርላማ ለዚህ ጨርቅ ብቻ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት በዚያ ስም የሚሸጥ ጨርቅ በደሴቶቹ ነዋሪዎች፣ በገዛ ቤታቸው፣ በእጅ መሸመን አለበት። የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሕጉ በሽመናው አላቆመም፤ ሱፉም የሚነከረውና የሚፈተለው እዚያው ደሴቶቹ ላይ እንዲሆን ደነገገ። ክሩን ያልጠበቀ ሕግ ጨርቁን እንደማይጠብቅ ገብቷቸዋል። ሕንዶች ደግሞ በጋንዲ ዘመን በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነውን ካዲ የነጻነት ትግል ምልክት አደረጉት፤ ሰንደቅ ዓላማቸውም ከእሱ ብቻ እንዲሠራ ሲደነግጉ ኖሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ግን ደንቡ ተሻሽሎ በመኪና የተሠራ ፖሊስተርም ተፈቀደ። ክብርም ያለ ገበያ ዕድሜው ያጥራል ማለት ነው።

እኛም ብንሆን ልምዱ የለንም አይባልም። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት እንዲሆኑ አገራችን ታግላ፣ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ለቡና የተቻለው ለሸማ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የዶርዜ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ ወጥተው ሽሮ ሜዳን የሸማ ከተማ አድርገዋታል፤ «የዶርዜ ሥራ» ሲባል ገዢው ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። በ2007 እ.ኤ.አ. ሞዴሏ ሊያ ከበደ «ለምለም» በሚል ስም የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ወደ ውጭ ገበያ አወጣች። አዲስ አበባ ያለው ሳባሃር የተባለ የእጅ ሽመና ድርጅትም በቤታቸው ሆነው ከሚፈትሉ ሴቶች ክር እየገዛ ይሠራል፤ ፈትል ዋጋ ሲወጣለት ገዢ እንደማያጣ በዚህ አይተናል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ከሞጣ ያለው ርቀት በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። የባናውን ጠጉርና የማጉን ክር ወስዶ እዚያ ማስፈተሽ፣ ደረጃ ማስወጣት ለወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከባድ ሥራ አይደለም።

አሁን ከመካከላችሁ አንዷ እኅቴ ተነሥታ «አንተ ሴቶቹን ወደ እንዝርት ልትመልሰን ነው ወይ?» ብትለኝ ተገቢ ጥያቄ ነው። እውነት ነው፤ ልጃገረዷ ደብተሯን ትታ እንዝርት ታንሣ የሚል ቅርስ ቢጠፋም አይቆጨኝም። በነጻ የሚያሠራ ቅርስ ቅርስ ሳይሆን ዕዳ ነው። የምለው ሌላ ነው። ዛሬም በብቸናና በሞጣ ዙሪያ በየቀበሌው መፍተል የሚችሉ፣ የሚወዱት፣ ሌላ ገቢ የሌላቸው እናቶች አሉ። እጃቸው ላይ ያለው ሙያ ከእነሱ ጋር ሊያልቅ የተቃረበው ልጆቻቸው ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ማንም ልጅ እናቷ ሙሉ ዕድሜዋን ሠርታ አንድ ብር ያልተከፈላትን ሥራ አትመርጥም፤ መምረጥም የለባትም። ጎጆው ውስጥ ያለው መሸመኛ የሚቆመው ሸማኔ ስለሞተ ብቻ አይደለም፤ ማግ ስላጣም ነው። ሸማኔ ማሠልጠኛ እየከፈትን፣ ለሸማኔ መሥሪያ ቦታ እየሰጠን፣ ፈታይን ካልጨመርንበት ድሩ ተደርቶ ማጉ የጎደለ ሸማ እንሠራለን።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። በመጪው ጥር ልጅ የምትድሩ፣ ለሽማግሌ ጋቢ፣ ለእናት ኩታ የምታሠሩ ሰዎች እዚህ ብዙ ናችሁ። ሸማኔው ዘንድ ስትሄዱ ሁለት ዋጋ ጠይቁ፤ የሽመናውን ለብቻ፣ የፈትሉን ለብቻ። የፈትሉ ዋጋ ለፈታዪዋ በእጇ ይድረስ፤ ሚስትም ትሁን፣ አክስትም ትሁን፣ የጎረቤት ባልቴትም ትሁን። የምትነግዱ ደግሞ በእጅ የተፈተለውንና የፋብሪካውን በአንድ ክምር አትደባልቁ፤ ለይታችሁ ሽጡ፣ ለገዢው ንገሩት፣ ልብሱ ጠርዝ ላይም የሞጣ ወይም የብቸና ሥራ መሆኑንና የሠሩትን የሁለቱን ሰዎች ስም ጻፉበት። ወረዳው ሕግ እስኪያወጣ አትጠብቁ፤ ይህን ለማድረግ ከክርና ከመርፌ በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም።